ጥበብ በሯን ለሁሉም ትክፈት

ጥምቀት በመጣ ቁጥር ከወረታ እስከ ይፋግ ታቦታት በዝማሬ፣ በከበሮና በጸናጽል ታጅበው ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ። ተክሌ የተባለው አቋቋም የዚሁ ምድር ስጦታ ነው፤ የፎገራው ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና የጣናን ማዕበልና የደንገሉን ውዝዋዜ ተመልክተው እንደደረሱት ይነገራል።

ይህ ጥበብ ለአካል ጉዳተኛው ልጅስ እንዴት ይድረሰው? በአብነት ትምህርት ቤቶች ዜማና ቅኔ በቃል የሚጠና በመሆኑ ዓይነ ስውራን ከባልንጀሮቻቸው እኩል ተምረው ለመምህርነት በቅተዋል። በሩን የከፈተላቸው ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን የማስተማሪያው ስልት ነው። አቋቋም ግን በዓይን ታይቶ ስለሚቀሰም፣ ዓይነ ስውሩ ደቀ መዝሙር እጁን ይዞ መቋሚያውን የሚያወዛውዝለት ያስፈልገዋል። መስማት የተሳነው ልጅም የከበሮውን ምት በመዳፉ ንዝረት፣ የመዝሙሩን ምሥጢር በምልክት ቋንቋ ሊቀበል ይችላል።

ዘመናዊው ትምህርት ቤትም ከዚህ ይማር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 አካል ጉዳተኞችን መርዳትንም ሆነ ለኪነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋጽኦ ማድረግን የመንግሥት ኃላፊነት አድርጓል። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 30 የፈጠራ ችሎታቸውን የማዳበር ዕድል እንዲያገኙ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ መምህሩ ካልሠለጠነ፣ የሙዚቃውና የሥዕሉ ክፍል ለተሽከርካሪ ወንበር ካልተመቸ፣ ድንጋጌው ከወረቀት አያልፍም።

የመጀመሪያው ደጃፍ ግን የየቤታችን ነው። ጉዳተኛ ልጁን «ሰው ያየዋል» ብሎ በጓዳ የሚያስቀር ወላጅ፣ ማንም መምህር ሊከፍተው የማይችለውን በር ይዘጋል። ስለዚህ በዘንድሮው በዓል ልጆቻችን ሁሉ ከታቦቱ ፊት ይሰለፉ፤ ከበሮውን ይንኩ፣ መቋሚያውን ይጨብጡ እንላለን።

መልካም በዓል!