«አትምቺ!»

አሥርና አሥራ አንድ ዓመት የሆናቸው ሴት ልጆች ሶፍትቦል ሲጫወቱ ሜዳ ዳር ቆማችሁ ካያችሁ አንድ ትእዛዝ ደጋግማችሁ ትሰማላችሁ። ከጭንቅላቷ የሚሰፋ ሄልሜት ያጠለቀች፣ ዱላዋን በሁለት እጇ የጨበጠች ቀጭን ልጅ ተራዋ ደርሶ ወደ መምቻው ስፍራ ስትሄድ አሰልጣኟ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ሹክ ይላታል። አንዳንዱማ ለሹክሹክታውም አይጨነቅ፣ ካለበት ሆኖ ይጮኻል። የሚላት «አትምቺ!» ነው። እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ ጨዋታው የመምታት ጨዋታ ነው። ዱላውም የተሰጣት እንድትመታበት ነው። ቤተሰቧ የከፈለው፣ እሷም ቅዳሜ ጠዋት ከሞቀ አልጋዋ ተጎትታ የተነሣችው ለዚህ ነው። አሰልጣኙ ግን አትምቺ ይላታል፣ እሷም እንደ ሐውልት ተገትራ ኳሷ ስታልፍ ታያለች፣ ከዚያም ብዙ ጊዜ አንገቷን ደፍታ ወደ ወንበሯ ትመለሳለች። በዚህ ሁሉ መሀል አንድም የተጣሰ ደንብ የለም። የኔ ጠብ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ሶፍትቦል የቤዝቦል እህት ናት። እ.ኤ.አ. በ1887 ቺካጎ ውስጥ፣ አዳራሽ ውስጥ የነበሩ ጎረምሶች የቦክስ ጓንት ጠቅልለው በዱላ ሲመቱ ተወለደች ይባላል። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸውም ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) ስሟ «ለስላሳ ኳስ» ይበል እንጂ ኳሷ ለስላሳ አይደለችም፤ ፊት ላይ ካረፈች ጥርስ ታወልቃለች። ወርዋሪዋ ክንዷን እንደ መንኮራኩር አዙራ ከታች ወደ ላይ ትወረውራለች፤ ትንንሾቹ ከ35 ጫማ፣ ከፍ ያሉት ከ40፣ ታዳጊዎቹ ከ43 ጫማ ርቀት። ኳሷ በመቺዋ ጉልበትና ብብት መካከል ባለው ክልል አልፋ ካልተመታች መቺዋ ላይ ይቆጠርባታል፤ ሦስት ከሞላ «አውት» ናት፣ ትወጣለች። በአንጻሩ ወርዋሪዋ አራት ጊዜ ከክልሉ ውጪ ከወረወረች መቺዋ በነፃ ወደ አንደኛው ቤዝ ትራመዳለች። የአሥር ዓመት ወርዋሪ ደግሞ ምን ዓይነት ወርዋሪ እንደምትሆን መገመት አያቅትም፤ አንዷን ከመሬት፣ አንዷን ከአጥር፣ አንዷን ከዳኛው ደረት ታላትማለች። ብልጡ አሰልጣኝ ሒሳቡን ሠርቷል። ደካማዋ ልጅ ከምትመታ ዝም ብላ ብትቆም በነፃ የማለፍ ዕድሏ ይበልጣል። ስለዚህ «አትምቺ»።

አሁን ወደ ደንቡ። ከትልልቆቹ የልጆች ሊጎች አንዱ፣ በ1939 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ዊልያምስፖርት ላይ የተመሠረተው ሊትል ሊግ፣ ለመደበኛ ውድድሩ ያወጣው አንድ ግዴታ አለ። በቡድኑ መዝገብ ላይ ስሟ የሰፈረ እያንዳንዷ ልጅ በየጨዋታው ቢያንስ ለስድስት አውት ያህል ሜዳ ገብታ መከላከል፣ ቢያንስ አንድ ጊዜም ለመምታት መቆም አለባት። ስድስት አውት ሁለት ኢኒንግ ነው፤ ከስድስት ኢኒንግ ጨዋታ ሲሶው መሆኑ ነው። ይህን ያልፈጸመ አሰልጣኝ መጀመሪያ በጽሑፍ ይገሠጻል፣ ሲደግም አንድ ጨዋታ ይታገዳል፣ ሲሠልስ ለቀረው የውድድር ዘመን ይሰናበታል። በብዙ የሰፈር ሊጎችም ተመሳሳይ ድንጋጌ አለ፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም በዕለቱ የመጣችው ልጅ ሁሉ በተራ እንድትመታ ያስገድዳሉ። ደንብ መጽሐፉ ስለ ዱላው፣ ስለ ሄልሜቱ፣ ስለ ኳሷ ዙሪያ (ለትንንሾቹ 11 ኢንች፣ ለትልልቆቹ 12) ገጽ በገጽ ይተነትናል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ የሁለት መስመር ግዴታ ነው። ሌላው ለአዋቂም ይሠራል፤ ይሄ ግን ለልጅ ተብሎ የተጻፈ ነው።

ታዲያ ይህን ግዴታ በአደባባይ የሚጥስ አሰልጣኝ ብዙ አታገኙም። የሚደረገው ሌላ ነው። ልጅቷ ለስድስቱ አውት ወደ ቀኝ ሜዳው ጥግ ትላካለች። በዚህ ዕድሜ ኳስ ወደዚያ የሚሄደው ከስንት አንዴ ስለሆነ እዚያ የቆመች ልጅ ሣር ትነጫለች፣ ደመና ትቆጥራለች፣ በጓንቷ ፊቷን ከፀሐይ ትከልላለች። አሰልጣኙ ግን በልቡ እየቆጠረ ነው። ስድስተኛው አውት ሲሞላ ዳኛው እጁን ሳያወርድ «ነይ ውጪ» ትባላለች። መምታቱንም በ«አትምቺ» ተወጥቶታል፤ ቆማለች፣ ተቆጥሮላታል። ማታ መዝገቡ ሲታይ ሁሉም ተሟልቷል። ወይ ጉድ! እኛ በቢሮክራሲያችን ብቻ የሚገኝ ጥበብ ይመስለን ነበር፤ ፎርሙ ተሞልቶ፣ ማኅተሙ ተመቶ፣ ጉዳዩ ግን ሳይፈጸም የሚቀርበት።

ለዚህ አሠራር የሚሟገቱ ሰዎች ክርክር አላቸው፤ ሳልሰማቸው ልለፋቸው አልፈልግም። «ዓለም ጨካኝ ናት፣ ልጅ ከወዲሁ ትልመደው፤ ለሁሉም እኩል ማለት ሰነፍ ማፍራት ነው፤ ጎበዞቹስ ለምን ይቀጡ?» ይላሉ። ጥሩ። በመጀመሪያ ነገር ማንም እኩል አላለም። ሲሶ ነው የተባለው። ለጎበዞቹ ሁለት እጁ ቀርቶላቸዋል። ሁለተኛም፣ የመመዝገቢያውን ገንዘብ ሁሉም ወላጅ እኩል ነው የከፈለው፤ በወንበር የምትቀመጠዋ ልጅ አባት ቅናሽ አልተደረገለትም። ቡድኑ ደግሞ ያለሷ አይሞላም። ሜዳ የሚገቡት ዘጠኝ ናቸው፤ ሁለት ልጆች ጉንፋን የያዛቸው ቅዳሜ አሰልጣኙ ማን ቤት ነው የሚደውለው? ያቺኑ ደካማዋን ልጅ ቤት ነው። «እባካችሁ ዛሬ እንዳትቀሩብን» ይላል። ሲፈልጓት ሰው፣ ሲጫወቱ ማሟያ።

ደግሞስ ጎበዝ የሚሉት ማንን ነው? በአሥር ዓመት ጎበዝ ማለት ብዙውን ጊዜ ቀድማ የረዘመች ማለት ነው። የመጋቢት ልጅና የታኅሣሥ ልጅ በአንድ ምድብ ሲጫወቱ የወራት ልዩነት ጉልበት መስሎ ይታያል። ያቺ ቀድማ የረዘመችው በአሥራ አራት ዓመቷ ባለችበት ልትቆም ትችላለች፤ ወንበር ላይ የነበረችው ደግሞ ልትመዘዝ ትችላለች። ግን እስከዚያ ማን ያቆያታል? አራት ዓመት ሙሉ አትምቺ የተባለች ልጅ በአምስተኛው ዓመት መምታት ታውቃለች ብሎ የሚጠብቅ ሰው ዘር ሳይዘራ አዝመራ የሚጠብቅ ገበሬ ነው። ሦስት ጊዜ አወናጭፋ ሦስቱንም ስታ ብትመለስ ቢያንስ ኳሷ እንዴት እንደምትመጣ አየች። ቆማ ስትመለስ ግን የተማረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷን የሚያህል ሰው ባይሞክር እንደሚሻል።

እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ላንሣ፤ ምክንያቱም ይህ ደንብ መጽሐፍ ሴት ልጅን ሁልጊዜ ሜዳ የሚያስገባ አልነበረም። በ1950 ኒው ዮርክ ግዛት ኮርኒንግ በምትባል ከተማ ካትሪን ጆንስተን የተባለች ልጅ ፀጉሯን ቆርጣ፣ የወንድ ቅጽል ስም ይዛ ሊትል ሊግ ገብታ ቤዝቦል ተጫወተች። በ1951 ሴቶች እንዳይጫወቱ የሚከለክል ደንብ ወጣ። አንዲት መስመር። ያቺ መስመር ከሃያ ዓመት በላይ ቆየች። በ1972 ኒው ጀርሲ ውስጥ ሆቦከን ላይ ማሪያ ፔፔ የምትባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሦስት ጨዋታ እንደተጫወተች ከላይ ማስፈራሪያ መጣ፤ እሷ ካልወጣች የከተማው ሊግ ፈቃዱን ያጣል ተባለ። ነገሩ ወደ ሙግት ሄደ። የሴት ልጅ አጥንት ከወንድ ይልቅ ይሰበራል የሚል የባለሙያ ምስክርነት ሁሉ ቀርቦ ነበር። አልሠራም። በ1974 ሊጉ ለሴቶች በሩን ከፈተ፣ በዚያው ዓመትም ለሴት ልጆች የሶፍትቦል ውድድር አቋቋመ። (በሩን ሲከፍት ወደ ጎን ሌላ በር ማበጀቱ በራሱ የሚያነጋግር ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆየን።) ማሪያ ፔፔ ግን አልተጫወተችም። ፍርዱ እስኪጸና ዕድሜዋ አልፎ ነበር።

«በሚቀጥለው ዓመት ትጫወታለች» የሚሉኝን ሰዎች የማልሰማቸው ለዚህ ነው። የልጅ ጊዜ የአዋቂ ጊዜ አይደለም። አንድ የውድድር ዘመን ለኛ የጥቂት ወር ቅዳሜዎች ናቸው፤ ለሷ ግን አሥራ አንደኛው ዓመቷ ነው፣ አንዱ ብቻ። በ1972 ታይትል ናይን የሚባለው ሕግ ከመውጣቱ በፊት በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስፖርት የሚጫወቱት ሴት ልጆች ከ300 ሺህ አይበልጡም ነበር፤ ዛሬ ከ3 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ያ ሁሉ የመጣው በጎ ፈቃድ ስለበዛ አይደለም፤ ተጽፎ፣ ግዴታ ተደርጎ ነው። የስድስቱን አውት ግዴታ የሚያጣጥል ሰው ይህንን ማወቅ አለበት።

ወርዋሪዋስ ማን ናት? ብዙ ጊዜ የአሰልጣኙ ልጅ ናት። አሰልጣኞቹ በጎ ፈቃደኛ ወላጆች ናቸው፤ ደመወዝ የላቸውም፣ ለዚያ ምስጋና ይገባቸዋል። ግን ሥራው ሲደላደል የራስን ልጅ መሀል ሜዳ ማቆም የሚከለክል ማን አለ? አሜሪካኖቹ ራሳቸው ለዚህ ስም አውጥተውለታል፤ «የአባዬ ኳስ» ይሉታል። ዝምድና የኛ ብቻ መስሏችሁ ታፍሩ የነበራችሁ ትንሽ ተጽናኑ።

የኛም ሰው ከዚህ ወቀሳ አያመልጥም። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በአካባቢው ልጆቻቸውን ወደነዚህ ሜዳዎች የሚያመጡ ኢትዮጵያውያን ወላጆች አሉ። ልጅቷ ጓደኞቿ ስለሚጫወቱ ትለምናለች፣ አባት ይከፍላል፣ እናት ታደርሳለች። ከዚያ መኪና ውስጥ ስልክ ነው። ጨዋታው አይገባንም እንላለን። እውነት ነው፣ አይገባንም፤ ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ቅዳሜ ታክሲ የሚነዳ ሰው ቁጭ ብሎ የቤዝ ሒሳብ ላያጠና ይችላል፤ በእሱ አልፈርድም። የምፈርደው ጊዜ ባለው ላይ ነው። ያ ሰው ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በሐምሌ መባቻ ለሚካሄደው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ፌስቲቫል ከወራት በፊት ትኬት ይቆርጣል፣ ማን የት ክለብ እንደተጫወተ ከነዓመቱ ይተነትናል። «ልጅህ ባለፈው ቅዳሜ ስንት ኢኒንግ ገባች?» ብትሉት ግን ወደ ሚስቱ ያያል። ሚስቱ ወደ ልጅቷ። ልጅቷ «እ… ገብቻለሁ» ትላለች።

ይህ ነገር ከሩቅ የመጣ ነው። እኛ በተማርንበት በስንቱ ትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ማለት አስተማሪው አንድ ኳስ ወርውሮ ጥላ ሥር የሚቀመጥበት ሰዓት ነበር። ወንዶቹ ኳሷን ይከተላሉ፣ ሴቶቹ የወንዶቹን ሹራብና ደብተር ይጠብቃሉ። ማንም «ሴቶቹስ?» ብሎ አይጠይቅም፤ እነሱም አይጠይቁም። በኋላ ደራርቱ በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቅ ስታመጣ ሁላችንም አለቀስን። ደብተር ስትጠብቅ የነበረችውን ግን አሁንም የሚጠይቃት የለም። እንግዲህ ያንን ልማድ ይዘን ውቅያኖስ ተሻግረን፣ ሴት ልጃችን ቀኝ ሜዳ ጥግ ሣር ስትነጭ ብናያት ምኑ ይደንቀናል? የለመድነው ነው። እንዲያውም «አርፋ ቆማለች፣ አልተመታችብንም» ብለን ደስ ይለናል።

ደንቡ ራሱ መጠናከር አለበት ባይ ነኝ። በአንዳንድ የትንንሾች ምድብ በነፃ ማለፍ ጨርሶ የለም፤ ወርዋሪዋ አራት ካበላሸች አሰልጣኙ ራሱ ገብቶ ለመቺዋ ይወረውርላታል። እዚያ ቤት «አትምቺ» ማለት ትርጉም የለውም፣ ቆሞ መትረፍ አይቻልማ። ይህን እስከ አሥራ ሁለት ዓመት የማያስኬድበት ምክንያት አይታየኝም። አንዷ ልጅ ሁለተኛ ጊዜ ወንበር ላይ ከመቀመጧ በፊት ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ይቀመጡ፤ የአሰልጣኙም ልጅ። ስድስቱም አውት ቀኝ ሜዳ ጥግ ላይ ብቻ አይለቁ፣ ግማሹ እንኳ ኳስ በሚደርስበት ቦታ ይሁን። ቡድኑ ይሸነፋል? ይሸነፍ። የአሥር ዓመት ልጆች ዋንጫ ፕላስቲክ ነው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ጋራዥ ውስጥ ከድሮ ጫማ ጋር ታገኙታላችሁ።

እንዲህ ያለው ማሻሻያ የሚወሰነው ብዙውን ጊዜ ሜዳው በረዶ ለብሶ፣ ልጆቹም ጨዋታውን ረስተውት ሳለ በሚደረግ የወላጆች ስብሰባ ላይ ነው። የሚገኙት አሰልጣኞቹና ጥቂት ጓደኞቻቸው ናቸው፣ ባዶ ወንበሩ የትየለሌ ነው። እስከዚያው ግን በመጪው ቅዳሜ እርሳስና ቁራጭ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱና ቁጠሩ። ስድስቱን አውት የት ቆማ እንዳሳለፈች፣ ስንቱን ኳስ እንደሞከረች ጻፉ። ጨዋታው ሲያልቅ አሰልጣኙ ጋ ቀረብ በሉ፤ ያለ ክፍያ የሚደክም ሰው ነውና በትሕትና። «ዛሬ አትምቺ ያልካት ለምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ልጅቷም አጠገባችሁ ቆማ መልሱን ትስማ።