ያገለገለ የስፖርት አውቶሞቢል ዋጋ

አንድ የሥራ ባልደረባችን ለዓመታት ካጠራቀመው ገንዘብ ያገለገለ ፖርሽ 944 ሊገዛ ማሰቡን ነግሮን፤ «ዋጋው ይወድቅብኝ ይሆን?» ሲል ጠየቀን።

መውደቁስ ይወድቃል። የአዲስ አውቶሞቢል ዋጋ ፈጥኖ የሚቀንሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቅናሹ እያደር ይዘገያል። ስለዚህ የመጀመሪያው ገዥ የተሸከመውን ኪሣራ ሁለተኛው አይሸከመውም። ይህ በእርሳስና በወረቀት ሊሰላ ይችላል። የማይሰላው ዋጋው መውረዱን ትቶ መውጣት የሚጀምርበት ጊዜ ነው።

ለዚህም የፌራሪ 250 ጂ.ቲ.ኦ. ታሪክ ይበቃል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1962 እስከ 1964 ዓ.ም. የተሠሩት 36 ብቻ ናቸው። አዲሱ በአሜሪካ ወደ 18 ሺሕ ዶላር ያወጣ ነበር፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ግን ለእሽቅድምድም አርጅቷል ተብሎ ከ10 ሺሕ ዶላር ባነሰ ዋጋ ይሸጥ ጀመር። በ2018 ዓ.ም. ከእነዚሁ አንዱ በካሊፎርኒያ በሐራጅ 48.4 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። በርካሽ የሸጡት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ በዘመናቸው ሒሳብ ትክክል ነበሩ።

ፖርሽ 944 ግን ከ160 ሺሕ በላይ ተሠርቷል። ስለዚህ ባልደረባችን በቀለሙ ሳይማረክ (እኛንም ቀለም ያታልለናል) ሞተሩ ከፋብሪካ አብሮት የወጣው መሆኑን በቍጥሩ እንዲያመሳክርና የጥገናውን ደብተር እንዲጠይቅ መከርነው። መለዋወጫው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነውና፤ ደብተር ከሌለው የጥገናውን ወጪ በመሸጫው ዋጋ ላይ ደምሮ ይቍጠር።

ሻጩ ደብተሩን እስከ ዛሬ አላመጣም፤ ባልደረባችንም ገንዘቡን ገና አላወጣም።