የጡት ካንሰር ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ምስሉ ምን ያህል ይለየዋል?

የጡት ካንሰር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አንድ በሽታ ነው። ስለዚህም ጎረቤታችንን ያዳነው መድኃኒት ለእህታችን ሳይታዘዝ ሲቀር እንጨነቃለን፤ አንዳንዴም ሐኪሙን እንጠራጠራለን። እውነታው ግን በአንድ ስም የሚጠሩት እነዚህ ካንሰሮች ባሕርያቸው የተለያየ መሆኑ ነው። ለአንዱ ፍቱን የሆነ መድኃኒት ለሌላው ምንም ላይፈይድ ይችላል። ለመሆኑ ዓይነቱ የሚታወቀው በምንድን ነው? ማሞግራም፣ አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ብቻውን ሊነግረን ይችላል?

ዓይነቱ የሚለየው በምንድን ነው?

ሐኪሞች የዕጢው ሴሎች ሦስት ነገሮች እንዳሏቸው ይመረምራሉ፦ የኢስትሮጅን ተቀባይ፣ የፕሮጄስትሮን ተቀባይ እና ሄር-2 የተባለ ፕሮቲን። የሆርሞን ተቀባይ ያለው ካንሰር ሆርሞን ስለሚያሳድገው ከቀዶ ሕክምናው ሌላ እንደ ታሞክሲፈን ያለ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ይታዘዝለታል፤ ብዙውን ጊዜ ለ5 ዓመትና ከዚያ በላይ። ሄር-2 ለበዛበት ደግሞ በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደውን ትራስቱዙማብን (ሄርሴፕቲንን) የመሰሉ መድኃኒቶች አሉ። ሦስቱም የሌሉበት “ትሪፕል ኔጋቲቭ” ይባላል። እሱ በሆርሞን ክኒንም ሆነ በሄርሴፕቲን ስለማይበገር ዋነኛ መድኃኒቱ ኬሞቴራፒ ነው።

ምስሉ ምን ይናገራል?

ልምድ ያለው የራዲዮሎጂ ሐኪም ከምስሉ ፍንጭ ያገኛል። የሆርሞን ተቀባይ ያለውና ቀስ ብሎ የሚያድገው ካንሰር ብዙ ጊዜ ጠርዙ እንደ እሾህ የተበተነ ሆኖ ይታያል። ሄር-2 በበዛበት ዕጢ ውስጥ ማሞግራም እንደ ጨው የደቀቁ ነጫጭ ነጠብጣቦችን በብዛት ያሳያል። ትሪፕል ኔጋቲቭ ግን ብዙ ጊዜ ክብና ጠርዘ ለስላሳ ስለሚሆን በአልትራሳውንድ ሲታይ ጉዳት የሌለው እብጠት ሊመስል ይችላል። አደገኛው የዋህ መስሎ የሚቀርበው እዚህ ላይ ነው። በተለይ በወጣት ሴት ላይ በቶሎ የሚያድግ እብጠት “ለስላሳ ስለሆነ ምንም አይደለም” ተብሎ መታለፍ የለበትም።

ኮምፒውተር ሲጨመርበትስ?

ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ “ራዲዮሚክስ” በሚል ስም የሚታወቅ የጥናት ዘርፍ አለ። ኮምፒውተሩ የዕጢውን ቅርፅ፣ የውስጡን ሸካራነትና ቀለም የመቀበል ፍጥነቱን በቁጥር ይለካል፤ ዓይናችን የማያስተውላቸውን ልዩነቶችም ያወዳድራል። የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የ922 ታማሚዎችን የኤምአርአይ ምስል ወስደው በእያንዳንዱ ላይ 529 መለኪያዎችን መረመሩ። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ቢሆንም ልከኛ ነበር። ሉሚናል ኤ የሚባለው ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓይነት ያለባትና የሌለባት ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ቢቀርቡ፣ ኮምፒውተሩ ያለባትን የሚለየው ከ100 ጊዜ 70 ያህሉን ነው። ሳንቲም ወርውሮ መገመት እንኳ 50ውን ያገኛል። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ለማንም መድኃኒት አይታዘዝም።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? መርፌ የሚወስደው ከዕጢው ትንሽ ቁራጭ ሲሆን ምስሉ ግን መላውን ዕጢ ያሳያል። ኬሞቴራፒው እየሠራ መሆኑንም ደግሞ ደጋግሞ ለመከታተል ያስችላል። ምስሉና የናሙናው ውጤት ካልተጣጣሙ ሐኪሞች እንደገና እንዲመረምሩ ያስገድዳቸዋል። ምስል ይጠቁማል፤ የሚያረጋግጠው ግን ናሙናው ነው።

ለእኛ ምን ማለት ነው?

በኢትዮጵያ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃው ካንሰር የጡት ካንሰር ነው። በአዲስ አበባ ታማሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከሦስቱ የሁለቱ ያህል ዕጢ የኢስትሮጅን ተቀባይ አለው። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ለብዙዎቹ ሴቶች የሚዋጥ ክኒን ሊረዳቸው ይችላል ማለት ነውና። ግን የተቀባይ ምርመራው ካልተሠራ ክኒኑ ለማን እንደሚጠቅም አይታወቅም። “ካንሰር ነው” የሚል ወረቀት ብቻ ይዞ ሕክምና መጀመር የግማሽ መንገድ ጉዞ ነው።

ስለዚህ እናትዎ፣ እህትዎ ወይም እርስዎ ራስዎ ለዚህ ምርመራ ከቀረባችሁ እነዚህን አይርሱ፦

• “የሆርሞን ተቀባይና የሄር-2 ምርመራ ተሠርቷል? ውጤቱስ ምን ይላል?” ብለው ይጠይቁ።

• ናሙናውን ወደ ላብራቶሪ የሚያደርሰው ቤተሰብ ከሆነ በፎርማሊን ውስጥ መግባቱን አረጋግጣችሁ ሳይውል ሳያድር አድርሱ። ፎርማሊን ሳይነካው የቆየ ወይም በውስጡ ለቀናት የከረመ ናሙና የተቀባይ ምርመራውን ሊያሳስት ይችላል።

• የማሞግራሙን ፊልም፣ የኤምአርአዩን ሲዲና የፓቶሎጂውን ወረቀት በአንድ ማኅደር ያስቀምጡ። ሐኪም ቢቀየር እንኳ ሁሉም አብረው ይታያሉ።

• ምስሉ “የሚያሳስብ ነገር የለም” ቢልም እብጠቱ እያደገ ከሆነ ተመልሰው ይታዩ።

የጎረቤት ምክር ፍቅር ነው፤ መድኃኒቱን የሚመርጠው ግን የዕጢው ዓይነት ነው።