ውሻው ቆፈረ፤ ጥፋቱ ግን የማን ነው?



በጋራ የአትክልት ቦታችን ላይ የደረሰውን ሁላችሁም አይታችኋል። ክረምቱን ሙሉ የተለፋበት ጎመንና ቆስጣ በሁለት ሌሊት ተነቃቅሎ ሥሩ ወደ ሰማይ ዞሮ ተገኝቷል። የካሮቱ መደብ ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኗል። ከዚያች መደብ ቆርጠው ወጣቸውን የሚሠሩ ጡረተኞች በመካከላችን እንዳሉ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ስለዚህ ነገሩ በሳቅ የሚታለፍ አይደለም።

ይሁን እንጂ ከጥፋቱ በኋላ የተሰማው ሐሳብ ከጥፋቱም የባሰ ነው። ባለፈው ስብሰባችን ላይ አንዳንድ ሰዎች ተነሥተው «ሥጋ በመርዝ ለውሶ መጣል ነው፤ በአንድ ሌሊት እንገላገላለን» አሉ። ያጨበጨበም ነበር። እኛ ይህን ሐሳብ በጥብቅ እናወግዛለን።

እረ ለመሆኑ የተመረዘ ሥጋ ጎመን የነቀለውን ውሻ ለይቶ ያውቃል? ድመቷ ትበላዋለች። ጭልፊት ነጥቆ ወስዶ ሰው ግቢ ውስጥ ይጥለዋል። መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚከት ሕፃን በየደጃፉ እንዳለንስ ረሳነው? እግዜር አያድርገውና አንድ ነገር ቢደርስ ያን ዕለት ያጨበጨበ ሰው ሁሉ «እኔ የለሁበትም» እንደሚል ከወዲሁ እናውቃለን።

«ከእብድ ውሻ በሽታም እንድናለን» የሚለው ማሳበቢያም ውኃ አያነሣም። በሽታው አስፈሪ መሆኑ እውነት ነው። በሰው ላይ ከሚደርሰው 100 እጅ 99ኙን የሚያስተላልፈው ውሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ደግሞ ከሞት የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ የሚናገረው ውሻ በመግደል በሽታው እንደማይጠፋ ነው። ከ100 ውሾች 70ው ከተከተቡ መተላለፉ ይቋረጣል። የተከተበውን የሰፈር ውሻ ገድለን ቦታውን ባዶ ብናደርገው ያልተከተበው ከሌላ ሰፈር መጥቶ ይገባበታል። ታዲያ ምን አተረፍን? ለማንኛውም የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ነገ ዛሬ አይባልም።

ይህን ስንል ግን የውሻ ባለቤቶች ነፃ ወጣን ብለው ደስ እንዳይላቸው። ዋናው ጥፋት የእነርሱ ነው። ውሻውን ቀኑን ሙሉ በሁለት ሜትር ሰንሰለት አስረው ይውሉና ሲመሽ በሩን ከፍተው ወደ መንገድ ይለቁታል። ሲጠየቁ «ጥበቃ ነው» ይላሉ። የማን ጥበቃ? የእነርሱን ግቢ ትቶ የሰው ጎመን ውስጥ የሚያድር ጥበቃ የት ታይቷል! ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የእኛ ሰፈር ውሻ ግን በበላበት ጮኾ በጎረቤት ይቆፍራል። ደግሞም ሕግ አለ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 እንዳሰፈረው የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ አምልጦኝ ነው፣ ሳላውቅ ነው ማለት አያድነውም። ስለዚህ «ውሻ ነው፣ ምን ላድርገው» የሚለው መልስ ከእንግዲህ አይሠራም።

ውሻ ለምን እንደሚቆፍር ጠይቆ የሚያውቅ ስንቱ ነው? ውሻ ለተንኮል ብሎ አይቆፍርም። ሲሞቀው ላዩን ጭሮ ከሥር ያለው ቀዝቃዛ አፈር ላይ ይተኛል፤ ጥላና ውኃ ቢያገኝ ግን አይደክምም ነበር። የተረፈውን አጥንት ይቀብራል፣ ከዚያ ያወጣዋል፤ ይህ ከተኩላ ዘመዶቹ የወረሰው የጉዝጓዝ ብልሃት ነው። ልትወልድ የደረሰች ውሻ ለቡችሎቿ ጎሬ ታዘጋጃለች። አይጥና ፍልፈል አፈር ውስጥ ሲንቀሳቀሱ እኛ የማንሰማውን እርሱ ይሰማል፣ ያሸትታል፤ ስለዚህ መደቡ ፍልፈል ካለበት የመጀመሪያው ቆፋሪ ውሻው አይደለም። (በአውሮፓማ ጉድጓድ ገብቶ አውሬ እንዲያወጣ ተብሎ የተረባ የውሻ ዘር አለ፤ ጀርመኖች «ዳክስሁንድ» ይሉታል። ያን ዓይነቱን አትቆፍር ማለት ዓሣን አትዋኝ እንደማለት ነው።) ከሁሉም በላይ ግን ሥራ የፈታ ውሻ ይቆፍራል። አሥር ሰዓት ታስሮ የዋለ ፍጡር ሲፈታ ጉልበቱን የት ያድርሰው?

አንድ ነገር ደግሞ ሳንናገር አናልፍም። በዓል በመጣ ቁጥር የበጉን ፈርስና የዶሮውን አንጀት ወስዶ አትክልት መደቡ ውስጥ የሚቀብር ማን ነው? «ለአፈሩ ማዳበሪያ ይሆናል» እየተባለ ስንት ዓመት ተቀበረ! አንድ ስንዝር አፈር ለውሻ አፍንጫ ምኑም አይደለም። ድግሱን ቀብረን፣ እንግዳው ሲመጣ እንጮኻለን። ይህ ልማድ ዛሬውኑ መቆም አለበት።

የሚወራው መድኃኒትም ብዙ ነው። በርበሬ ነስንሱበት ይላሉ፤ ዓይንና አፍንጫውን ያቃጥለዋል፣ አንድ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ታጥቦ ይሄዳል። ላምባ አፍስሱ የሚሉም አሉ፤ ጎመኑን ራሳችን እንግደለው ማለታቸው ነው። የቡና አተላና ናፍታሊን ደግሞ ለውሻ መርዝ ናቸው።

ዱላውስ? ጠዋት ጉድጓዱን አይቶ ውሻውን ጎትቶ አፍንጫውን አፈሩ ላይ እያሸ የሚደበድብ ሰው አለ። ውሻው ሌሊት የሠራውን ከጠዋቱ ዱላ ጋር አያገናኘውም። የሚገባው ጌታው ሲመጣ ዱላ መምጣቱ ብቻ ነው። «ጥፋቱን ያውቀዋል፣ ዓይኑን ይሰብራል» ይሉናል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ጥናት ይህንኑ ፈትሻ ነበር። ውሾቹ ያንን የጥፋተኛ ፊት የሚያሳዩት ጌታቸው ሲቆጣ ነው፤ አጥፍተው ይሁን ሳያጠፉ ለውጥ አልነበረውም። ያላጠፋውም ዓይኑን ይሰብራል ማለት ነው።

የሚሠራው ነገር ቀላል ነው፣ ግን ባለቤቱን ከወንበሩ ያስነሣዋል። ጠዋትና ማታ በማሰሪያ ይዞ ማንሸራሸር፣ ቀን ጥላና ውኃ መስጠት፣ ሌሊት በር ዘግቶ በግቢ ማሳደር። በግቢው ጥግ አንድ አልጋ የሚያህል ቦታ አሸዋ አፍስሶ አጥንቱን እዚያ መቅበርና እዚያ ሲቆፍር ማመስገን፤ ሌላ ቦታ ሲጀምር ደግሞ እዚያው በጀመረበት ቅጽበት «ተው!» ብሎ ወደ አሸዋው መውሰድ። በሳምንት አይለምድም፤ በወር ግን ይለምዳል። ክትባቱን በየዓመቱ ማስከተብ ሳይነገርም የታወቀ ነው።

በማኅበራችን በኩል የመደቡን አጥር እናጠናክራለን። የዶሮ ሽቦው ታች ጫፉ ወደ ውጭ ታጥፎ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከመሬት በታች ይቀበራል፤ አዲስ በተዘራበት ላይም ሽቦ ተዘርግቶ አፈር ይለብሳል፣ ቡቃያው በቀዳዳው ይወጣል። በመርዙ ሐሳብ ላይ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ይሰጣል። የተቃወማችሁ ሁሉ ቤት ቁጭ ብላችሁ እንዳትቃወሙ፤ ኑና እጃችሁን አውጡ። መርዝ ሲጥል ያያችሁት ሰው ካለ ደግሞ ሥጋውን በእጃችሁ ሳትነኩ፣ ልጆችን አርቃችሁ፣ ወዲያውኑ ለኮሚቴው ንገሩ።

የሽቦው ሥራ ቅዳሜ ጠዋት በ2 ሰዓት ይጀመራል። ዶማና አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ውሻ ያላችሁ ደግሞ ሳትቀሩ ኑ፤ ውሻውን ግን ቤት ተዉት።

የማኅበሩ ኮሚቴ