አይከል ላይ የሰመጠው ባቡር

ሰሞኑን ከጎንደር መተማ በባቡር እየተመላለስሁ ነው ብል፣ ውድ አንባቢያን፣ «ምን ነካው?» እንዳትሉኝ። ባቡሩ ያለው ኮምፒውተሬ ውስጥ ነው። «ኦፕን ሬይልስ» የሚባል በነጻ የሚገኝ የባቡር ማስመሰያ ጨዋታ አለ፤ ሰው የራሱን መስመር ዘርግቶ ይነዳበታል። እኔም በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን በአገሪቱ የባቡር መረብ ካርታ ላይ የተሰመረውን የወረታ–አዘዞ–መተማ መስመር መረጥሁ። መንግሥት ካርታ ላይ የተወውን እኔ ጨዋታ ላይ ብጨርሰው ማን ይከሰኛል?

እስከ አዘዞ ብዙም አልተቸገርሁም። ጭንቁ የመጣው ከአይከል በኋላ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከተማ ከ1,000 ሜትር በታች ወዳለው ቆላ ስወርድ፣ ባቡሬ ከነተሳቢዎቹ መሬት ውስጥ ሰመጠ። ከተሳቢዎቹም አንዱ ከመነሻው አይታይም ነበር።

እንደ ልማዳችን መጀመሪያ የወቀስሁት ሌላውን ነው። ኮምፒውተሩ አርጅቷል አልሁ፤ ጨዋታውን አጥፍቼ እንደገና ጫንሁት። አንድ ምሽት እንዲሁ አለቀ። በማግስቱ የእህቴ ልጅ መጣና «ጋሼ፣ መዝገቡን አይተውታል?» አለኝ።

ለካስ ይህ ጨዋታ በተከፈተ ቁጥር የትኛውን ፋይል ፈልጎ እንዳጣ፣ የት ላይ እንደተሰናከለ በጽሑፍ ያሰፍራል። ከፈትነው። የማይታየው ተሳቢ የፋይል ስም በአንዲት ፊደል ተሳስቷል፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። ስለ መስመጡ ግን መዝገቡ ምንም ስላላለ ጥፋቱን በሠራሁት መሬት ላይ ፈለግን። የተጠቀምሁበት የከፍታ መረጃ እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ራዳር የተለካ ነው፤ ጨረሩ ያልደረሰበት የተራራ ጥላ ባዶ ይቀራል። ባዶው እንደ ዜሮ ተነቦ ጉድጓድ ሆነ፤ መሬቱን ተከትሎ የተዘረጋው ሐዲዴም ገባበት። በዙሪያው ከፍታ ሞላሁትና ባቡሩ መተማ ደረሰ።

ለመሆኑ የእውነተኛው ባቡራችን መዝገብ የት ነው? መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆመዋል። በ2007 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያ መስመርም በውጥኑ ጊዜ አልተጠናቀቀም። ለምርቃቱ መድረክ ይዘጋጃል፤ ለመቆሙ ግን ዜጋ ቁጭ ብሎ የሚያነበው ዝርዝር ሰነድ አይቀርብለትም።

ጦርነት ነበር፣ የውጭ ምንዛሪ የለም የሚሉኝ ይኖራሉ። እውነት ነው፤ አልክድም። እነርሱም ቢሆኑ ቀናቸውና መጠናቸው ተጠቅሶ ሊጻፉ የሚገባቸው ምክንያቶች ናቸው። የወረታ–አዘዞ–መተማን መስመር ያስቀረው ቁልቁለቱ ነው? ብድሩ ነው? ወይስ የሱዳን ገበያ? የጥናቱ ሰነድ ለሕዝብ ይከፈት፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና የሚማረው ወጣትም በእኔ ጨዋታ ፈንታ በእርሱ ይለማመድበት።