ታዳሚው ወዴት ሄደ?

ስለ ማኅበራዊ መገናኛዎችና ስለ ኪነ ጥበብ በየመድረኩ የሚሰማው ሙግት በሁለት ጎራ ተከፍሏል። አንደኛው ወገን ቲክቶክና ዩቲዩብ ጨዋታችንን አረከሱት፣ ወጣቱንም አባለጉት ሲል ያማርራል። ሁለተኛው ወገን የመድረኩ በር ለሁሉም ተከፈተ፣ ከእንግዲህ ባለተሰጥዖ ደጅ አይጠናም ሲል ያሞግሳል። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን ስለ ከያኒው ብቻ ሲከራከሩ ታዳሚውን ዘንግተውታል። ይህ ዝንጋታ የሚያስከትለው ጉዳት ደግሞ እንደ ድሬዳዋ ባለች ከተማ ጎልቶ ይታያል።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከባቡር ሐዲዱ ጋር የተወለደች ከተማ ናት። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌውና ዓረቡ በአንድ ገበያ ሲገናኙ፣ ሁለት ሦስት ቋንቋ መስማት የዕለት ኑሮ ሆነ። ከዚሁ አፈር የበቀሉት ዓሊ ቢራ በ1950ዎቹ ከአፍረን ቀሎ የባህል ጓድ ጋር መዝፈን ጀምረው፣ በ2015 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ከኦሮምኛው ሌላ በአማርኛ፣ በሐረሪኛ፣ በሶማሊኛና በዓረብኛ አዚመዋል። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ድምፃዊ ከየት መጣ? በአንድ ሰርግ ዳስ ውስጥ እነዚህን ሁሉ ቋንቋዎች የሚናገር ታዳሚ ተቀምጦ ስለ ነበረ ነው። ከያኒውን ያሳደገው ታዳሚው ነው።

ዛሬስ? የቲክቶክ ቀመር ተመልካቹ በየትኛው ቪዲዮ ላይ እንደ ቆየ፣ የትኛውን ቶሎ እንዳለፈ እየመዘገበ፣ ቀድሞ የወደደውን የሚመስለውን መልሶ ያቀርብለታል። በመሆኑም በአንድ በርጫ ላይ ጎን ለጎን ከተቀመጡት ወጣቶች አንዱ የሐርጌሳን ዘፈን፣ ሌላው የአዲስ አበባን ቀልድ፣ ሦስተኛው የጅማን ዜማ በየጆሮ ማዳመጫው ይሰማል። ቀድሞ አንድ የካሴት ማጫወቻ ለክፍሉ ሁሉ ይበቃ ነበር፤ ግጥሙ ያልገባውም ጎረቤቱን ይጠይቅ ነበር። ቋንቋ የሚማሩትም፣ የሌላውን ለዛ የሚለምዱትም በዚያች ጥያቄ ነበር።

«ሸክላውም ዘፈንን በጥቂት ደቂቃ ወስኖት አልነበረምን? ካሴቱስ መልሶ አላስረዘመውምን?» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። እውነት ነው፤ መሣሪያ ሁልጊዜ የጥበብን ቅርጽ ይለውጣል። ይሁን እንጂ ሸክላው የወሰነው የዜማውን ርዝመት ነው፤ አድማጩን አልመረጠም። በቀፊራ ገበያ ከሱቅ ደጃፍ የተለቀቀ ካሴት ለመንገደኛው ሁሉ ይሰማ ነበር።

ሌላው ጣጣ ዳኝነቱ ነው። የቴአትር ተመልካች ያዛጋል፣ ያጉረመርማል፣ ይስቃል፣ ያለቅሳል፤ ተዋናዩም ከዚያ ይማራል። ቆጣሪው ግን በአድናቆት ያየውንና በንቀት ያየውን አይለይም፤ ሁለቱንም አንድ ብሎ ይቆጥራል። ስለዚህ የሁለት ሰዎች ስድብ ስድስት ወር ከተለፋበት ተውኔት ልቆ ቢገኝ ሊደንቀን አይገባም። በዚህ ላይ የዩቲዩብ ክፍያ በተመልካቹ አገር የማስታወቂያ ዋጋ ስለሚለያይ፣ በአሜሪካ የሚኖር ተመልካች ከድሬዳዋው ይበልጥ ያተርፋል። እንግዲህ ከያኒው ከደቻቱ ማዶ ያለውን ትቶ ከውቅያኖስ ማዶ ላለው ቢያዜም ማን ይፈርድበታል?

ታዲያ ይዘጋ እንበልን? ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ በአገራችን ታግደው ነበር፤ ብዙው ሰው በቪፒኤን እየዞረ ገባ እንጂ ወደ ቴአትር ቤት አልጎረፈም። ክልከላ ታዳሚ አይወልድም።

የሚያሻው ሥራ ሌላ ነው። አዳራሾች ለስብሰባ ብቻ ከመከፈት ወጥተው፣ ምሽት ምሽት በአነስተኛ ዋጋ ለተውኔትና ለዜማ ይከፈቱ። እኛ ጸሐፌ ተውኔቶችም ገጸ ባሕርዮቻችን እንደ ከተማይቱ ሰው ከኦሮምኛ ወደ ሶማሊኛ፣ ከሶማሊኛ ወደ አማርኛ እየተሻገሩ የሚነጋገሩባቸውን ሥራዎች እንድረስ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ይምጣና ይቅረጽ፤ የመድረኩ አዋጅ ነጋሪ ሆኖ ያገልግል። መጋላና ከዚራ በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው በአንድ ቀልድ መሳቅ ካቆሙ ግን፣ ነገ ሌላ ዓሊ ቢራ ቢወለድ እንኳ አምስቱን ቋንቋ ለማን ብሎ ያዜማል?