«ይጮሃል ወይ?» ብቻ አይበቃም

አርጆ ውስጥ ሆም ቴአትር የገዛ ሰው ገመዱን እንዳገጥምለት ሲጠራኝ የሚጠይቀኝ ነገር አንድ ነው፤ «በደንብ ይጮሃል ወይ?» ይላል። እኔ በበኩሌ ጥያቄው «ንግግሩ ይሰማል ወይ?» መሆን ነበረበት ባይ ነኝ። ዜና ሲነበብ ቃሉን የማይለዩ፣ ማስታወቂያ ሲመጣ ግን ጆሯቸውን የሚይዙ እናትና አባት ያሉበት ቤት ስንት ነው? አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የአገጣጠሙ ነው።

እግረ መንገዴን፣ እኛ አገር «ሪሲቨር» ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው የዲሹን ነው። እኔ የምለው ድምፁን አጉልቶ ለአምስቱ ስፒከርና ለቤዙ የሚያከፋፍለውን ሣጥን ነው።

እስቲ ከዋቱ እንጀምር። ካርቶኑ ላይ «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ» ተብሎ በሺህ የሚቆጠር ዋት ይጻፋል፤ ገዢም በዚህ ይደሰታል። ዕቃውን ገልበጥ አድርጋችሁ ጀርባውን ካያችሁት ግን ከሶኬት የሚወስደው 80 ወይም 100 ዋት ብቻ ሆኖ ታገኙት ይሆናል። 80 ዋት በልቶ ያለማቋረጥ 3000 ዋት የሚያወጣ ዕቃ አለ ብሎ የሚከራከር የፊዚክስ ተማሪ መቼም አይኖርም። መታየት ያለበት «አር.ኤም.ኤስ» የሚለው ቁጥር ነው። እሱም ቢሆን እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው 3 ዲሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ወደ አሥር እጥፍ ዋት ይፈልጋል። ስለዚህ በዋት የሚፎካከሩ ጎረቤታሞች በከንቱ ነው የሚደክሙት።

ሁለተኛው አቀማመጡ ነው። አምስቱንም ስፒከር ቡፌ ላይ እንደ ብርጭቆ መደርደር ልማድ ሆኗል፤ እንደዚያ ከሆነማ ሁለት ስፒከር ይበቃ ነበር። የፊተኞቹ ሁለቱ ከተቀመጠው ሰው ጋር እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፣ ማለትም ከመሀሉ መስመር በግራም በቀኝም 30 ዲግሪ ያህል ይራቁ። የኋለኞቹ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ላይ፣ ከጎን ትንሽ ወደ ኋላ ይሁኑ። ሶፋው ግድግዳ የተጠጋ ከሆነ (አርጆ ውስጥ ያልተጠጋ ሶፋ አላየሁም) በጎን ግድግዳዎቹ ላይ ከጆሮ ከፍ አድርጎ መስቀል ነው። የመሀሉ ስፒከር ንግግር የሚወጣበት ስለሆነ ፊቱ ወደ ጆሯችን እንጂ ወደ ጉልበታችን አይዙር። የገመዱ ፕላስና ማይነስም ይታይ፤ ከፊተኞቹ የአንዱ ከተገለበጠ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ሥራ የሚመጣው። ሪሞቱ ላይ «ቴስት ቶን» የሚል ካለ ከየስፒከሩ ተራ በተራ ሽ... የሚል ድምፅ ያወጣል። አባወራው የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ተቀምጦ፣ የድምፅ መለኪያውን በጆሮ ቁመት ይዞ፣ ሁሉም ለምሳሌ 75 ዲሲቤል እስኪያሳዩ ድረስ ማስተካከል ነው። መለኪያ ከሌለ የሞባይል አፕሊኬሽን ይሠራል፤ ቁጥሩ ባይታመንም አንዱን ስፒከር ከሌላው ለማወዳደር አያንስም። የየስፒከሩንም ርቀት በሜትር ለክቶ ማስገባት ያስፈልጋል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ የአንድ ሜትር ልዩነት ወደ 3 ሚሊ ሰከንድ መዘግየት ነው። ከዲሹ በቀይና በነጭ ጃክ የሚመጣው ሁለት ቻናል ብቻ ነውና «ፕሮ ሎጂክ» የሚለውን ተጫኑት፤ ያኔ ንግግሩ ወደ መሀሉ ስፒከር ይሄዳል።

በክረምት ግን ምንም ማድረግ አይቻልም። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ላይ የወለጋ ዝናብ ሲወርድ የትኛውም ሴቲንግ አያሸንፈውም። ሰው ድምፁን ይጨምራል፣ ዝናቡ ያባራል፣ ድምፁ ግን እዚያው ይቀራል!

ሳሎን ውስጥ ሲሆን ይኼ ሁሉ የምቾት ጉዳይ ነው ሊባል ይችላል። ያው ዕቃ ኳስ ማሳያ ቤት ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው 80 ዲሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ይበቃል ይላል፤ በየ3 ዲሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ92 ዲሲቤል ስናሰላው ሁለት ሰዓት ተኩል ይመጣል። ይኼ እንግዲህ አንድ ጨዋታ ከነዕረፍቱና ከነወሬው ነው። እኛ አንዱን አይተን እንወጣለን፤ በር ላይ ገንዘብ የሚቀበለው ልጅ ግን ቅዳሜና እሑድ ከጠዋት እስከ ማታ ስፒከሩ ሥር ነው የሚቆመው። በሣንቲም ስንጨቃጨቀው «እ?» እያለ ደጋግሞ የሚያስጠይቀን ወዶ አይመስለኝም።

ባለቤቶቹ «ሰው የሚመጣው ድምፁን ከመንገድ ሰምቶ ነው» ይላሉ። ኪራይና መብራት የሚከፍሉት እነሱ ናቸውና ዝም ብሎ የሚጣል አባባል አይደለም። ግን ኦቦ፣ የመሀሉን ስፒከር ከፍ፣ የበሩን ዝቅ አድርገው ቢሞክሩት ኮሜንታተሩ ይበልጥ ይሰማል፤ ገበያተኛውን የሚጠራው ደግሞ ከስፒከሩ ይልቅ የጎሉ ጩኸት ነው።

የዲፓርትመንታችን ላብራቶሪ ቁም ሣጥን ውስጥ የድምፅ መለኪያ አለ፤ በዓመት አንዴ ለአንድ ኤክስፐርመንት ይወጣል፣ ተመልሶ ይቆለፍበታል። ለክረምት ዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ፈርመን ብንወስደው ምን አለበት? እኔ ለመፈረም የመጀመሪያው ነኝ። አርጆ ላይ ብቻ የማውቃቸው ሦስት ኳስ ቤቶች አሉ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ከሰዓት ይበቃል።